ገድሎ የሚያነግሥ ቫይረስ፦ ከጌሙ ዓለም እስከ ይፋግ ገበያ

ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያዘወትር ልጅ ወይም ታናሽ ወንድም ካለዎት «ሬዚደንት ኢቭል» የሚለውን ስም ሳይሰሙት አልቀሩም። ካልሰሙም ግድ የለም፤ ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎ። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1996 ጀምሮ የሚያወጣው የአስፈሪ ጌሞች ተከታታይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመከራው ሁሉ ምንጭ «ፕሮጀኒተር» የሚባል ቫይረስ ነው። በ2009 የወጣው አምስተኛው ክፍል እንደሚተርከው ቫይረሱ የተገኘው አፍሪካ ውስጥ፣ ንዲፓያ የሚባል የፈጠራ ሕዝብ ከሚጠብቀው አበባ ላይ ነው። ንዲፓያዎች ንጉሥ ሲመርጡ ዕጩው አበባውን ይበላል። አብዛኛው ይሞታል። ያልሞተው ከሰው በላይ ኃይል ያገኝና ይነግሣል። በኋላ ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች አበባውን ቀምተው ኩባንያ ያቋቁማሉ፤ ከዚያ ወዲያማ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። አልበርት ዌስከር የሚባለው ክፉ ገጸ ባሕርይ ከዚሁ ቫይረስ በተሠራ ዝርያ ራሱን ወግቶ፣ ሞቶ ይነሣል። ዓይኑ ይቀላል፣ ከጥይት ይፈጥናል። ኃይሉ እንዲጸናለት ግን በየጊዜው መድኃኒት መወጋት አለበት፤ መጠኑ ካለፈ ጉልበቱ ይከዳዋል።

አንድ ተማሪዬ ይህን ጌም እንደጨረሰ መጥቶ «መምህር፣ እንዲህ ዓይነት ቫይረስ በእውነት ሊኖር ይችላል?» አለኝ። አጭሩ መልስ «አይችልም» ነው። ያኔም ያንኑ ብዬው ሸኘሁት። በኋላ ሳስበው ግን ልጁን በድዬዋለሁ። የጥያቄው ግማሽ እውነት ነው። ብዙዎችን የሚገድል፣ የተረፈውን ግን ሌላው ሰው የሌለው ኃይል የሚሰጥ ቫይረስ ነበረ። የነበረውም እዚሁ ነው፤ በቤጌምድር፣ በጎጃም፣ በትግራይ፣ በመላው አገር። ስሙ ፈንጣጣ ይባላል።

እስቲ መጀመሪያ ከማይቻለው እንጀምር። ቫይረስ ማለት በጣም ትንሽ የመመሪያ ጥቅል ነው፤ የራሱ ጓዳ የለውም፣ የእርስዎን ሴል ገብቶ ያሠራዋል። ከቫይረሶች ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የፈንጣጣ ቫይረስ እንኳ ያሉት ጂኖች 200 ገደማ ብቻ ናቸው። እነሱም ሥራቸው መባዛትና ከሰውነት መከላከያ መደበቅ ነው። ጡንቻ የሚያፈረጥም፣ ከጥይት የሚያስመልጥ መመሪያ ከየት ያመጣል? በአንድ ሌሊት ሰውን ጀግና የሚያደርግ ቫይረስ የለም። በሚሊዮን ዓመታት ከተቆጠረ ግን ሌላ ነገር አለ። ከሰው ልጅ የዘር መመሪያ ውስጥ 8 በመቶ ያህሉ ከጥንት ቫይረሶች የቀረ ቅሪት ነው። ከዚያ ቅሪት አንዱ፣ «ሲንሲቲን» የሚባለው ጂን፣ የእንግዴ ልጅ በማሕፀን ውስጥ በወጉ እንዲሠራ ይረዳል። ስለዚህ ቫይረስ ለሰው ችሎታ ሰጥቶ ያውቃል ከተባለ፣ ችሎታው እናት ልጇን በሆዷ መያዟ ነው። ለአስፈሪ ጌም የሚሆን አይደለም።

ወደ ፈንጣጣ እንመለስ። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው ያልተከተቡ ሰዎች 30 በመቶ ያህሉን ይገድል ነበር። ከተረፉት ብዙዎቹ ፊታቸው በጠባሳ ይቦዳደሳል፣ ጥቂት የማይባሉት ዓይናቸውን ያጣሉ። ግን አንድ ነገር ይዘው ይወጣሉ። ፈንጣጣ ሁለተኛ ጊዜ አይዛቸውም። ሰፈሩ ሁሉ በር ዘግቶ ሲሸሽ፣ ያ ፊቱ የተጠባበሰ ሰው የታመመውን አጠገቡ ተቀምጦ ውኃ ሊያጠጣ ይችላል፤ የሞተውን ሊገንዝ ይችላል። ለሚያየው ሰው ከዌስከር ኃይል በምን ያንሳል?

የኃይሉ ምስጢር ትውስታ ነው። ቫይረሱ ሲገባ ሰውነት ማንነቱን የሚለይበትን ሴልና ፀረ እንግዳ አካል ለማዘጋጀት ቀናት ይወስድበታል፤ በእነዚያ ቀናት ነው ሞት የሚቀድመው። የተረፈ ሰው ግን ያንን ትውስታ ለአሥርት ዓመታት የሚይዙ ሴሎች ይቀሩለታል። ቫይረሱ ተመልሶ ቢመጣ በሩ ላይ ይያዛል። ጌሙ ይህን አዙሮ «ቫይረሱ የመረጠው» ይለዋል። ቫይረስ ግን ማንንም አይመርጥም። የተረፈው ሰው ዕድል፣ የሰውነቱ ሁኔታና የገባበት የቫይረስ ብዛት ተደማምረው ነው የተረፈው።

አሁን ይፋግን ያስቧት። ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ አዲስ ዘመን አካባቢ ሲደርሱ፣ በመኪናው መስኮት አይተዋት የሚያልፏት ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን እንዲህ አልፈዋት የሚሄዷት አልነበረችም። ከጣና በስተምሥራቅ ካሉት ገበያዎች ትልቅ ስም ያላት፣ ከጎጃም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ የሚወጣ የሚወርደው ነጋዴ የሚገናኝባት ነበረች። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ፣ አዎ፣ ባሪያውም። ገበያ ደግሞ የሰው ትንፋሽ የሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ፈንጣጣ በዋናነት ፊት ለፊት በሚተነፈስ አየር ስለሚተላለፍ እንደ ይፋግ ያለ ገበያ ከዚያ በላይ የሚመቸው ቦታ የለም። በሽታው የነጋዴን መንገድ ተከትሎ ይመጣል፣ ያልታመመ ሕፃን እስኪያልቅ ይቆያል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ ትውልድ ሲወለድ ይመለሳል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ሲደርስ ከተማዋን ያገኛት በፈንጣጣ ተይዛ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት የታመሙ የቤተሰቡ ልጆች ነበሩና፣ መድኃኒት ያውቃል የተባለው እንግዳ እንዲያያቸው ተጠራ። ብሩስ እንደጻፈው በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፣ ዕጣንና ከርቤ በብዛት አስጤሰ፣ ክፍሉን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ይህንንም የተማረው ከአንድ የሐለብ ሐኪም ነው። ለበሽታው መድኃኒት አልነበረውም፤ ማንም አልነበረውም። መስኮት መክፈቱ ግን ሞኝነት አልነበረም። በነገራችን ላይ ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1866፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠፈር ጣና ዳር ኮሌራ ሲፈጀው፣ እስረኛው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ የሰጠው ምክር ተመሳሳይ ነበር፦ ከቆላው ውጡ፣ ወደ ቤጌምድር ደጋ ሂዱ፣ ሕመምተኞቹን ከደብረ ታቦር ራቅ አድርጉ፣ ሠራዊቱን በትኑ። ኮሌራ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይደለም፤ ግን መበተን ለሁለቱም ይሠራል።

ከእነዚህ እንግዶች ሁሉ የበለጠ የሚገርመኝ ያገሬው ሰው ራሱ ያውቅ የነበረው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ የጻፈውን ይመልከቱ። ፈንጣጣ መምጣቱ ሲሰማ ሰዎች ቀለል ያለ ሕመም ከያዘው ሰው ቁስል መግል ይወስዳሉ። ከዚያ አዋቂው በምላጭ የጤነኞቹን ክንድ ትንሽ ትንሽ እየበጣ መግሉን ያስገባበታል፣ በጨርቅም ያስረዋል። በሌሎች አካባቢዎች መግሉን ወይም የደረቀ ቅርፊቱን ከማር ጋር የሚቀላቅሉ ነበሩ። የተከተበው ሰው ይታመማል፣ ያተኩሰዋል፣ ክንዱ ላይና አልፎ አልፎም ሰውነቱ ላይ ይወጣበታል። አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከዳነ ለዕድሜ ልኩ የተረፈውን ሰው ኃይል አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቃሉን ልብ ይበሉልኝ። «ክትባት» ዛሬ ጤና ጣቢያንና ማቀዝቀዣን ያስታውሰናል። ሥሩ ግን «ከተበ» ነው፤ ጻፈ፣ ጫረ፣ በጣ ማለት ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚሁ ሥር ነው። ያው አንድ ግስ ብራና ላይ ሲጻፍ ክታብ፣ ቆዳ ላይ ሲጻፍ ክትባት ሆነ። ዘመናዊው ሕክምና ሲመጣ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም፤ ድርጊቱን እናውቀው ነበርና።

ለምን ይሠራል? ቫይረሱ በትንፋሽ ሲገባ ሳንባን አልፎ ሳይታወቅ በሰውነት ይሰራጫል፤ ሕመሙ የሚታየው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። በቆዳ ሲገባ ግን እዚያው ክንድ ላይ ይባዛል፣ የሰውነት ዘበኞችም ቶሎ ያዩታል። ስለዚህ ከሠላሳ በመቶ የነበረው የሞት አደጋ ወደ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ይወርዳል። ይህ ከባድ ቁማር ነው፣ አልዋሽዎትም። ከሃምሳ ልጆች አንዱን በገዛ እጅ መግደል ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተከተበው ሰው የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሆነ ላልተከተበው ጎረቤቱ ያስተላልፋል። አንዱ ቤት ኃይል ሲያገኝ ሌላው ቤት ለቅሶ ሊገባ ይችላል።

ጌሙ አፍሪካዊውን አበባ ጠባቂ፣ አውሮፓዊውን ቫይረሱን መርምሮ የሚረዳ አድርጎ ነው የሚስለው። ይህ እኔን ትንሽ ያናድደኛል፤ ታሪኩ በተቃራኒው ነውና። ቦስተን ውስጥ ኦኔሲመስ የሚባል ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰደ ባሪያ ነበረ። ጌታው፣ ቄስ ኮተን ማዘር፣ «ፈንጣጣ ይዞህ ያውቃል?» ሲለው «አዎም አይደለምም» ብሎ፣ ባገሩ ክንድ በጥቶ መግል መጨመር የተለመደ እንደሆነ አስረዳው፤ ጠባሳውንም አሳየው። በ1721 ቦስተንን ፈንጣጣ ሲመታት ሐኪሙ ዛብዲኤል ቦይልስተን ይህንን ሞከረው። ከከተባቸው 240 ከሚበልጡ ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው። በተፈጥሮ ከያዛቸው ወደ 5,900 ሰዎች ግን ከ800 በላይ ሞቱ። በእነዚያው ዓመታት ዘዴው ከቱርክ ወደ እንግሊዝም ገባ። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ የሚወሰደውን ደኅና ክትባት ሲያገኝ፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ በአሮጌው ዘዴ የተከተበ ሰው ነበር።

የጄነር ዘዴ ልዩነቱ የተከተበው ሰው ለማንም ፈንጣጣ አለማስተላለፉ ነው። ያለዚህ ልዩነት በሽታውን ከምድር ማጥፋት አይታሰብም ነበር።

ይህ ወደ 1971 ያመጣናል። በዚያ ዓመት ጥር ወር ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት እርዳታ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ጀመረች። በዓመቱ ውስጥ የተመዘገበው ሕመምተኛ ከ26,000 በላይ ሆነ፤ በዓለም ላይ ከተመዘገበው ግማሹ ያህል መሆኑ ነው። ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ፣ ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ሆነው በእግርና በበቅሎ ገደሉን ወጡ ወረዱ። መሣሪያቸው ጫፏ ሹካ የመሰለች ትንሽ መርፌ ናት፤ አንድ ጠብታ ክትባት ይዛ ክንድን 15 ጊዜ ትወጋለች። ገበያና ትምህርት ቤት እየገቡ የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበትን ካርድ ያሳያሉ፦ «እንዲህ የሆነ ሰው የት አያችሁ?» ያ ከተገኘ መንደሩን ከበው ይከትባሉ። አገሩን በሙሉ ከመከተብ ይልቅ ቫይረሱን ቤት ለቤት ማሳደድ ነው።

በጎጃምና በጎንደር ደጋ ግን ችግር ገጠማቸው። ሰው እምቢ አለ። ብዙ ጊዜ ይህ «ኋላ ቀርነት» እየተባለ ይተረካል፤ እኔ አልቀበለውም። ገበሬው ምን ያውቅ እንደነበር ያስቡ። በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ በብዛት ይዞር የነበረው ቀላሉ የፈንጣጣ ዓይነት ነው፤ ከያዛቸው መቶ ሰዎች የሚገድለው አንድ ያህሉን ነበር። የመንደሩ ከታቢ ደግሞ ከዚያው ከቀላሉ መግል ወስዶ የሚከትብ፣ አባትና አያትን የከተበ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው። በሌላ በኩል የሚመጣው ዝርዝር ይዞ «ስንት ሰው ቤት ውስጥ አለ?» የሚል የመንግሥት ሰው ነው። ጎጃም በግብርና ገቢ ግብር ምክንያት ካመፀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እርስዎ ቢሆኑ ለማን ክንድዎን ይሰጣሉ?

ያም ሆኖ ዘመቻው ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ወገን በየራሱ ስሌት ትክክል መሆኑ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው። አገር በቀሉ ክትባት ለተከተበው ቤተሰብ ይጠቅማል፤ ቫይረሱን ግን በሕይወት ያቆየዋል። ዘመቻው ለዚያ ቤተሰብ ከዚህ ብዙም የሚበልጥ ነገር አልሰጠም፤ ቫይረሱ የሚሄድበትን ቤት ግን ይዘጋል። ይህን ለአንድ ገበሬ በአንድ ከሰዓት ማስረዳት ቀላል አይደለም። በዚህ መሃል በ1974 አብዮት ፈነዳ፣ ጸጥታው ደፈረሰ። ለዘመቻው የመጡ ሄሊኮፕተሮች ተተኮሰባቸው፣ ሠራተኞችም ታግተው ያውቃሉ። ሥራው ግን አልቆመም። ቁጥሩ በ1973 ወደ 5,400 ገደማ፣ በ1976 ከአንድ ሺህ በታች ወረደ። በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ታመመች፤ የአገራችን የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ እሷ ናት። ሶማሊያ ውስጥ በጥቅምት 1977 የታመመው የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ደግሞ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ የዓለም የመጨረሻው ሰው ሆነ። ሁለቱም ድነዋል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጭንቀት የአገር ቤት ከታቢዎቹ ያስቀመጡት ቅርፊት ነበር። በየጓዳው በቀንድና በጨርቅ የተቀመጠ ቫይረስ አንድ ቀን ተነሥቶ ቢሠራስ? ናሙናዎች እየተሰበሰቡ ላቦራቶሪ ገቡ፣ መንደሮችም ለዓመታት ተፈተሹ። ከዚያ የተነሣ ወረርሽኝ አልተገኘም። አደጋው የመጣው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ልክ ናቸው። በ1978 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ከፈንጣጣ ላቦራቶሪ በላይ ባለው ፎቅ ትሠራ የነበረች የሕክምና ፎቶ አንሺ በፈንጣጣ ተይዛ ሞተች። ቫይረሱ እንዴት እንደደረሰባት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዓለም በግንቦት 1980 ከፈንጣጣ ነፃ መሆኑ ሲታወጅ በየአገሩ የነበሩት ናሙናዎች እየጠፉ ሄደው አሁን በይፋ የቀሩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ አሜሪካ አትላንታና ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ አቅራቢያ። ይጥፉ ወይስ ለምርምር ይቆዩ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። እኔ ይጥፉ ከሚሉት ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ አይስማሙም።

ተማሪዬ ተመልሶ ቢጠይቀኝ የምነግረው ሌላም ነገር አለ። ይህ ኃይል የሚሠራው ሰውነት ላወቀው በሽታ ብቻ ነው። ይፋግ በምትገኝበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በ2005 ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይመነምኑ ጀመር። መጀመሪያ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልዳኑም። በኋላ ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ቫይረስ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ሕዋስ ነው። በቆላው፣ በሑመራና በመተማ፣ የታወቀ በሽታ ነበር፤ ደጋው ግን አያውቀውም። ለእርሻ ሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሎ ይታሰባል። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ታመመ። የፈንጣጣን ወረርሽኝ ያለፉ ሽማግሌዎች ለካላዛር ከማንም የተለየ መከላከያ አልነበራቸውም።

አሁን ደግሞ ያ አሮጌው ኃይል እየተሟጠጠ ነው። የፈንጣጣ ክትባት ከቆመ አሥርት ዓመታት ስላለፉ ዛሬ ከኢትዮጵያውያን አብዛኛው ተከትቦ አያውቅም። የፈንጣጣው ክትባት የቅርብ ዘመዱን፣ ኤምፖክስ የሚባለውን በሽታም በከፊል ይከላከል ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤምፖክስ ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ ሲገኝ፣ ሞያሌ ላይ የተወለደ፣ ወር ያልሞላው ሕፃን ነበር።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚሄዱበት ቀን፣ አጠገብዎ እናት ወይም አባት የሚሏቸው ሰው ከተቀመጡ፣ ወሬ ከያዙ በኋላ ስለ ክንዳቸው ጠባሳ ይጠይቋቸው። ክብ ሆና ጎድጎድ ያለችው ከዘመቻው መርፌ ልትሆን ትችላለች። ጭረት መስላ ረዘም ያለች ከሆነ ግን ማን እንደከተባቸውና መግሉ ከማን ቤት እንደመጣ ይጠይቁልኝ።